«ጥያቄ ካለ ዕድል እንሰጣለን»

በስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ንግግሩን የሚያቀርበው ምሁር ነው። ሕዝቡ ግን ባዶ እጁን አይመጣም።

ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው ነገሩ የሚጀምረው። መድረክ መሪው ሰዓቱን አይቶ «ጥያቄ ወይም አስተያየት ካለ ዕድል እንሰጣለን፤ እባካችሁ አጠር አጠር አድርጉት» ሲል ዝም ብሎ ማስታወሻ ሲይዝ የቆየው አዳራሽ ይነቃል። ጥናቱን ያቀረበው ምሁር ውኃውን ይጎነጫል። ከኋላ መደዳ አንድ እጅ ይወጣል፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ አምስት። ማይክሮፎኑ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። «ጥያቄ ሳይሆን ትንሽ ማስተካከያ ነው ያለኝ» የሚሉ አዛውንት ይነሳሉ። ማስተካከያው ትንሽ አይደለም። ምሁሩ ከለንደንና ከሮም መዛግብት ያመጣውን ታሪክ እሳቸው ከአባታቸው አፍ ሰምተውታል፤ አባትየው ደግሞ ነገሩ ሲፈጸም እዚያው ነበሩ።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ መድረክ ላይ የተገኘ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። በስድስት ኪሎ ዋናው ግቢ ያለውን ተቋም ግን አብዛኛው ከተሜ የሚያውቀው በግማሽ ነው። ሙዚየም እንዳለው ያውቃል፤ ልጅ ሳለ ከትምህርት ቤት ጋር ተሰልፎ ጎብኝቶት ይሆናል። ቤተ መንግሥት እንደነበረም ያውቃል። ፈረንጅ እንደሚበዛበት ሰምቷል። በየጊዜው ጥናት እንደሚቀርብበት፣ ዐውደ ርእይ እንደሚከፈትበት፣ ተመራማሪ ያልሆነ ሰው ገብቶ ቢያዳምጥ ነውር እንደሌለው የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት አያስቸግርም። የፊት መደዳው የፕሮፌሰሮች ነው፤ አንዳንዶቹ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፣ ወንበራቸው ግን ገና ጡረታ አልወጣም። ቀጥሎ የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው፤ ከእነሱም መምህራቸው እንዲያያቸው ብለው የመጡ አይጠፉም። በጎን በኩል ለጥናት የመጡ የውጭ ዜጎች ይቀመጣሉ፤ አማርኛን ከመጽሐፍ ስለተማሩ «እንዴት ሰነበቱ» ሲሉ ከእኛ ይበልጥ አክባሪዎች ናቸው። ከኋላ ደግሞ ማዕረጋቸውን ማንም የማይጠራው አሉ። የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ፣ አስጎብኚ፣ ጡረተኛ መኮንን፣ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ሾፌር፣ የአያቱን ስም በአንድ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ አይቶ ነገሩን ሊያጣራ የመጣ ወጣት። እነዚህን ለይቶ የጋበዛቸው የለም። በእኔ ግምት ንግግሩን ሕዝባዊ የሚያደርጉት ግን እነሱ ናቸው።

እዚያ ለመድረስ በመጀመሪያ በሩን ማለፍ አለባቸው። መታወቂያ ይታያል፣ ቦርሳ ይፈተሻል፣ ጥበቃው «ወዴት ነው?» ይላል። ተማሪ ወይም ሠራተኛ ሳይሆኑ «ንግግር ልሰማ ነው» ብሎ መመለስ ቀላል ይመስላል። ቀላል አይደለም። ብዙ ሰው እዚያው በር ላይ ይህ ነገር እኔን አይመለከተኝም ብሎ ይመለሳል፤ ከልካይ ሳይኖር የተከለከለ ሰው ማለት ይኸ ነው።

ከትርኢቱ በፊት ያለው ትርኢት

ተቋሙ የከተመበት ሕንፃ ገነተ ልዑል ይባል ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከጣሊያን ወረራ በፊት ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። በወረራው ዘመን የጣሊያን እንደራሴ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እንደራሴው ማርሻል ግራዚያኒ በዚሁ ግቢ ለድሆች ምጽዋት በሚሰጥበት ሥነ ሥርዓት ላይ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት ያስታውሰናል። በታክሲ በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሐውልቱን ያየዋል፤ ነገሩ የተጀመረው ከአጥሩ ወዲያ፣ አሁን ተማሪዎች በሚመላለሱበት ግቢ ውስጥ መሆኑን ግን ሁሉም አያስተውለውም።

ከሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማይወስድ ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች ያሠሩት ነው፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ያለፈውን አንድ አንድ ዓመት እንዲቆጥር ተብሎ። ከድል በኋላ ማፍረስ ይቻል ነበር። አልፈረሰም። ጫፉ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ከዚህ የተሻለ የዐውደ ርእይ መግለጫ አላየሁም፤ አንድ ፊደል እንኳ ሳይጻፍበት ሁሉንም ይናገራል።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ሌላ ታሪክ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ክብር ዘበኛን ይዘው መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሚኒስትሮችና መሳፍንት በዚህ ቤት ታገቱ። ሙከራው መክሸፉ ሲታወቅ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል ውስጥ ተተኮሰባቸው። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ አቶ መኰንን ሀብተወልድና ሌሎችም እዚያ ሞቱ። ብዙም ሳይቆይ ንጉሠ ነገሥቱ ቤቱን ለአዲሱ ዩኒቨርሲቲ ሰጥተው ወደ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ዞሩ።

> ደም የፈሰሰበት ሳሎን የምርምር ቤት ሲሆን፣ ስለ ፖለቲካ የሚደረግ ንግግር ሁሉ ከዜሮ አይጀምርም።

ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ አሥር ዓመት ሳይሞላ ግቢው እንደገና ደም አየ። የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. በጥይት ተገደለ። በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ ወታደሮች ተኮሱ። እንግዲህ በዚህ ግቢ ስለ መሬት፣ ስለ ብሔር፣ ስለ ዘውድ ጥናት የሚያቀርብ ሰው ርእሱን ከመጽሐፍ ያመጣዋል፤ ከአድማጮቹ መካከል ግን ያን ቀን ግቢው ውስጥ የነበሩ ሊቀመጡ ይችላሉ።

ሰብሳቢዎቹ

ስብስቡ ከተቋሙ ይቀድማል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባሉ ፖላንዳዊ ነበሩ። እኚህ ሰው መጽሐፍ እየሰበሰቡ መስቀልም፣ ሥዕለ አድኅኖም፣ የእርሻ ዕቃም፣ የክራር ዓይነትም መሰብሰብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋሙ ሲመሠረት ይህ ስብስብ የሙዚየሙ መነሻ ሆነ፤ እሳቸውም ጠባቂው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው፤ በወረራው ዘመን ለንደን ውስጥ ለኢትዮጵያ ጋዜጣ ያሳትሙ የነበሩት የሲልቪያ ፓንክረስት ልጅ። በዚያው ዓመት የተቋሙ የጥናት መጽሔት መታተም ጀመረ። ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየም፣ ምርምርና ኅትመት፤ አወቃቀሩ ይኸው ነበር፣ በመሠረቱም አልተለወጠም።

በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ቱሪስቱ በዝቶ ነበር። በፒያሳና በቸርችል ጎዳና ሱቆች ውስጥ ብራና፣ መስቀልና ጥንታዊ ሥዕል እንደ ማስታወሻ ዕቃ ይሸጥ ነበር። የገዛው ሰው ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ይሄዳል። ይህን ለመግታት እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ። ሥራው ቀጥተኛ ነበር፤ ገንዘብ ማሰባሰብ፣ ገበያ የወጣውን ቅርስ ከአገር ሳይወጣ መግዛት፣ ለሙዚየሙ ማስገባት።

ነገሩ እንደሚሰማው ንጹሕ አይደለም። አንድ ወጣት የቅርስ ባለሙያ ስለዚህ ስታወሩት ፊቱን ያኮማትራል። ገዢ ካለ ሌባ አለ፤ ከገጠር ቤተ ክርስቲያን የጠፋ ሥዕል ሙዚየም ስለገዛው ሕጋዊ አይሆንም ይላል። የድሮውን ዘመን የሚያስታውስ አዛውንት ሠራተኛ ደግሞ ይስቅበታል። «ባንገዛው ኖሮ ዛሬ ጄኔቭ ውስጥ የአንድ ሀብታም ሳሎን ነበር የሚያስጌጠው» ይላል። እኔ ወደ አዛውንቱ አደላለሁ፤ ወጣቱ ግን አንድ የማይመለስ ጥያቄ አለው። እያንዳንዱ ዕቃ ከየት መጣ? ከየትኛው ደብር፣ ከማን እጅ፣ በስንት? ሆይናትስኪ የተቋሙን የሥዕለ አድኅኖ ስብስብ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2000 ሚላኖ ላይ በትልቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ያ መጽሐፍ ሥዕሎቹን ለዓለም ምሁራን አስተዋውቋል። ሥዕሎቹ የተሣሉላቸው ምዕመናን ግን ሚላኖ የታተመ መጽሐፍ አይገዙም።

ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት

ሙዚየሙ ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ነገር ዕቃዎቹ በክልል አለመደርደራቸውን ነው። በብሔርም አልተደረደሩም። አደራደሩ የሰውን ዕድሜ ይከተላል። በልጅነት ይጀምራል፤ ልደት፣ ጨዋታ፣ ተረት፣ ለአቅመ አዳም የመድረስ ሥርዓት። ከዚያ ጉልምስና ይመጣል፤ እርሻ፣ አደን፣ ጦርነት፣ መድኃኒት፣ መንፈሳዊ ጉዞ፣ የእጅ ሥራ። መጨረሻው ሞትና ከሞት ወዲያ ያለው ነው፤ መቃብርና የመቃብር ምልክት።

ይህ አደራደር የዲዛይን ብልሃት ብቻ አይመስለኝም፤ የፖለቲካ አቋምም አለበት። በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሲከበር እያንዳንዱ ሕዝብ የየራሱን ልብስ ለብሶ፣ የየራሱን ባንዲራ ይዞ፣ በየተራው በመድረኩ ፊት ያልፋል። ሙዚየሙ ውስጥ ግን የደቡቡ ሕፃን ማዘያ ከሰሜኑ ጎን ነው፤ ሁለቱንም ያገናኛቸው ሕፃን መያዛቸው ነው። ልዩነቱን አልደበቀም፤ የመጀመሪያ ጥያቄው ግን «የማን ነህ?» ሳይሆን «ስንት ዓመትህ ነው?» ሆነ። ይህን ሳይሰብክ ስላደረገው እወድለታለሁ።

ጉድለቱም እዚያው ነው። በዚህ ሙዚየም የሚታየው ኢትዮጵያዊ ይወለዳል፣ ያርሳል፣ ያድናል፣ ይሞታል፤ ቀበሌ ሄዶ አያውቅም። ፋብሪካ አልገባም፣ ኮንዶሚኒየም ዕጣ አልጠበቀም፣ ወደ ቤይሩት አልተሰደደም። ዓመተ ምሕረት የሌለው ሰው ነው። ከመስኮቱ ውጭ ከተማው እየፈረሰ እየተሠራ ሳለ ውስጥ ያለው ሰው ዘወትር እርፍ ጨብጦ ቆሟል። የታሪክ ተማሪ የሆነች አንዲት ጎብኚ ነገሩን በአጭሩ ገለጸችው፤ «አያቴን አገኘኋት፤ እናቴን ግን አላገኘኋትም» አለች።

ፎቅ ላይ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ክፍልም አለ። ጎብኚ ከየትኛውም ጥንታዊ ሥዕል ፊት ይልቅ እዚያ ይቆማል፤ የንጉሥ መታጠቢያ ገንዳ የማየት ጉጉት በሁሉም ዜጋ ላይ እኩል ነው። ከዚያ ወደ ሥዕሎቹ ይዘለቃል። እዚህ ሁለት ዓይነት ተመልካች ይታያል። አንዱ የመግለጫ ጽሑፉን አንብቦ ወደ ሥዕሉ ቀና ይላል፤ ምዕተ ዓመቱን፣ የአሣሣሉን ዘዴ፣ ከጣሊያን ወይም ከቀርጥስ የመጣውን ተጽዕኖ ይፈልጋል። ሌላዋ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አማትባ፣ ዝቅ ብላ እጅ ትነሣለች። የመግለጫ ጽሑፉን አላየችውም። መስታወቱንም ያየችው አይመስልም። ለእሷ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ትኬት መቁረጧ ይህን አልለወጠባትም። የሙዚየም ሰዎች እንዲህ ያለች ሴት ስትገባ ምን እንደሚሉ አያውቁም፤ ዝም ማለታቸው ጨዋነት ነው።

በእንግሊዝኛ የተነበበው፣ በአማርኛ የተጠየቀው

ወደ አዳራሹ እንመለስ። ጥናቱ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ይቀርባል፤ ጥያቄው በአማርኛ ይመጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ እንግሊዝኛ ነው፣ መጽሔቱ በዋናነት በእንግሊዝኛ ይታተማል፣ ከአድማጮቹ መካከል አማርኛ የማይሰሙ አሉ፣ የአቅራቢው ዕድገትም የሚለካው በእንግሊዝኛ በታተመ ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው። ሲደመሩ ግን ስለ ጎጃም ገበሬ የተጻፈውን ጥናት የጎጃም ገበሬ ልጅ ካልተማረ አይሰማውም።

ይሁንና ከኋላ የተቀመጠው አድማጭ ባዶ ጭንቅላቱን አልመጣም። የተክለ ጻድቅ መኩሪያን ቅጾች ቤቱ ደርድሯቸዋል። የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ በአማርኛ አንብቦታል፤ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ ተከራክሮታል። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት ያሳተሙትን መጽሐፍ ሰምቶ፣ እንግሊዝኛው ቢከብደውም፣ ልጁን እያስነበበ ተከታትሎታል። ባሕሩም ታደሰም በየጊዜያቸው ይህን ተቋም መርተዋል። እንዲህ ያለው አንባቢ በየትኛውም የአካዳሚ መዝገብ አይታወቅም፤ የአገር ታሪክ መጽሐፍን ከገበያ የሚያነሣው ግን እሱ ነው።

ጥያቄውም ዝም ብሎ ጥያቄ አይደለም። የእኛ ሰው ስለ ዛሬ ለመጠየቅ የ17ኛውን መቶ ዘመን ይዞ ይመጣል። «ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖት ለመለወጥ ሲነሡ አማካሪዎቻቸው ለምን እውነቱን አልነገሯቸውም?» ብሎ ይጠይቃል። ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በግድ ሊጭኑ ሞክረው፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ መልቀቃቸውን ጠያቂው በደንብ ያውቃል። አዳራሹም ጥያቄው ስለ ሱስንዮስ እንዳልሆነ ያውቃል። አቅራቢውም ያውቃል። ስለ ሱስንዮስ ይመልሳል፤ ሁሉም የፈለገውን ይሰማል። በደርግ ዘመን ይህ ጥበብ የሕይወት ጉዳይ ነበር። ዛሬም አልተረሳም።

> የእኛ ሰው ስለ ዛሬ ለመጠየቅ የ17ኛውን መቶ ዘመን ይዞ ይመጣል።

ይህ ልማድ ከተማሪዎቹ ዘመንም ይቀዳል። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግጥም ያነቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ታምሩ ፈይሳ «ድሃው ይናገራል» የተባለ ግጥሙን ሲያነብ ሰምና ወርቁን ትቶ በግልጽ ስለ ድህነት ተናገረ። ከዚያ በኋላ የግጥም መድረኩ እንደ ድሮው መዝናኛ ሆኖ ሊቀጥል አልቻለም።

ጉባኤው የተቀመጠባቸው ዓመታት

ዓለም አቀፉ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የተጀመረው ሮም ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ሁለተኛው ማንቸስተር፣ ሦስተኛው በ1966 አዲስ አበባ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ አንዴ ውጭ አንዴ አገር ቤት ሲዞር ቆይቷል፤ ሉንድ፣ ሞስኮ፣ ፓሪስ፣ ኪዮቶ፣ ሃምቡርግ፣ ዋርሶ። አገር ቤት የመጣባቸውን ዓመታት የሚያይ ሰው ትንሽ ይደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ1984 አዲስ አበባ ላይ ሲቀመጥ ሰሜኑ በረሃብ እያለቀ ነበር። በመጋቢት 1983 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰበ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ግንቦት 20 መጣ፣ ደርግ ወደቀ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. መቐለ አስተናገደችው፤ ሁለት ዓመት ከተቆጠረ ብዙም ሳይቆይ የትግራዩ ጦርነት ተጀመረ።

«የሺህ ዓመቱን ያውቃሉ፣ የሚመጣውን ወር ግን አያውቁም» የሚል ወቀሳ ከውጭ ይሰማል። ምሁራኑ ሲሰሙት ይቆጣሉ፤ እኛ ጠንቋዮች አይደለንም ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ወቀሳው ሌላም ነገር ይዟል። በጉባኤው ላይ ስለ መሬት፣ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ድንበር የሚነበቡት ጥናቶች በአንድ ጥራዝ ተጠርዘው ከዓመታት በኋላ ሲወጡ፣ የሚያነባቸው ሌላ አጥኚ ነው። ውሳኔ የሚሰጠው ሰው አዳራሹ ውስጥ የሚገኘው በመክፈቻው ቀን ነው፤ ንግግር አድርጎ፣ ተጨብጭቦለት፣ ሻይ ሳይጠጣ ይሄዳል።

ከአጥሩ ውጭ

ስድስት ኪሎ ብቻውን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው የማኅበራዊ ጥናት መድረክ ክርክሩን ከግቢ አውጥቶ ወደ ሆቴል አዳራሾች ወሰደው። ደሳለኝ ራህማቶን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች ስለ መሬት ይዞታና ስለ ድህነት ያቀረቡት ጥናት ከመንግሥት ሰው ጋር ፊት ለፊት ያከራከረበት ጊዜ ነበር። ከሥራዎቹ ሁሉ ግን እኔን የሚያስደንቀኝ በሩን ዘግቶ ያደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተማሪዎችን ንቅናቄ አባላት አዳማ ላይ ሰብስቦ ትዝታቸውን አስቀዳ። በአንድ ወቅት በኢሕአፓና በመኢሶን ጎራ ተለያይተው የተገዳደሉ ሰዎች ጓዶች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ትዝታ አረመ። ቅጂው በባሕሩ ዘውዴ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2010 መጽሐፍ ሆነ። ተናጋሪዎቹ ያሉት እንዳለ ሰፍሯል፤ መቋረጡም፣ መቆጣቱም።

መድረኩ ሁልጊዜ ክፍት ነበር ማለት ግን አይቻልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብዓዊ መብትና በዴሞክራሲ ጉዳዮች እንዳይሠሩ አገደ። በ2011 ዓ.ም. በሌላ ሕግ ተተካ። በዚያ አሥር ዓመት ስንት ንግግር ሳይታሰብ እንደቀረ የሚነግረን የለም፤ ያልተደረገ ንግግር ማስታወቂያ አይለጠፍለትም።

ዐውደ ርእዩም መንገድ ተሻግሯል። በዚያው በስድስት ኪሎ አካባቢ ያለው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የተቋሙ ዳይሬክተር በነበሩት በኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ ጥረት የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ሥራዋን እዚያ አሳየች። ሥዕሎቿ በኒው ዮርክ ትልልቅ ሙዚየሞች የሚሰቀሉላት ሠዓሊ በትውልድ ከተማዋ ስታሳይ አዳራሹን የሞሉት ወጣቶች ሥዕሉን አይተው አልጨረሱም፤ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁ።

ባልቲሞር የሚገኘው የዋልተርስ ሙዚየም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 የኢትዮጵያን ቅዱሳት ሥዕሎች ዐውደ ርእይ ሲከፍት ከስድስት ኪሎው ስብስብ ተበድሮ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ፣ ያው ሙዚየም ከ220 የሚበልጡ ሥራዎች ያሉበት ሌላ የኢትዮጵያ ዐውደ ርእይ አሳየ። ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ከዋሽንግተንና ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ቅርብ ነው። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዞ የሄደ አባት የሚያጋጥመው ጥያቄ ይታወቃል፤ «ይኸ የኛ ነው? ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል?» ለልጁ የሚሰጠው መልስ ስድስት ኪሎ ካየው ጋር እንጂ ካላየው ጋር አይገኝም።

የማይመዘገበው ሰዓት

ጥናቱ ይታተማል። የዐውደ ርእዩ ዝርዝር ይታተማል። በመጀመሪያ ያነሣሁት ዓይነት ማስተካከያ ግን አይታተምም። የጉባኤ ጥራዞች የአቅራቢውን ጽሑፍ ከነግርጌ ማስታወሻው ያወጣሉ፤ አዳራሹ ምን እንዳለው አንድ መስመር አያሰፍሩም። አቅራቢው ራሱ ጥሩ ሰው ከሆነ በምስጋናው ገጽ «ጠቃሚ አስተያየት ለሰጡኝ ታዳሚዎች» ብሎ ያልፋል። ያ ታዳሚ የተናገረው የአባቱ ምስክርነት ሊሆን ይችላል።

አንድ ጊዜ አንድ አዛውንት ከኮት ኪሳቸው አራት ላይ የታጠፈ ፎቶ ኮፒ አውጥተው አሳዩኝ። የወረዳ ገዥ ለነበሩ ዘመዳቸው የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ማኅተም አለው፣ ቀን አለው። አቅራቢው ባነበበው ጥናት ውስጥ «ስለዚህ ጉዳይ የጽሑፍ ማስረጃ አልተገኘም» የሚል ሐረግ ነበር። አዛውንቱ ዕድል ሳይደርሳቸው ጊዜው አለቀ። መድረክ መሪው በትሕትና ይቅርታ ጠየቀ፤ ደብዳቤው ወደ አዛውንቱ ኪስ ተመለሰ። አቅራቢውና እሳቸው ሻይ ላይ ተገናኝተው ይሆን? ተጠያይቀው ይሆን? ይህ በሻይ ሰዓት ዕድል የሚወሰን ነገር መሆን አልነበረበትም።

ተቋሙ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ውድ አይደለም። የጥያቄውን ሰዓት መቅዳት፤ የተቀዳውን በተናገሩበት ቋንቋ ጽፎ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ማስቀመጥ። ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ጥናት ጋር የአንድ ገጽ የአማርኛ ወይም የኦሮምኛ ወይም የትግርኛ ማጠቃለያ በሩ ላይ ማደል። ለጥበቃው «ንግግር ልሰማ ነው የመጣሁት የሚል ሰው ይግባ» ብሎ መንገር። አዳማ ላይ የተሠራው መጽሐፍ እንደሚቻል አሳይቷል።

ለአንባቢ ደግሞ ይህን እላለሁ። ቤታችሁ ውስጥ፣ ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር፣ የእድር ቃለ ጉባኤ፣ የእቁብ መዝገብ፣ የመሬት ደረሰኝ፣ ከግንባር የተጻፈ ደብዳቤ፣ የተማሪዎች በራሪ ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶግራፍ ያለው ሣጥን ካለ፣ ቤት ስትቀይሩ ከቆሻሻ ጋር አትጣሉት። ስሙን፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን የሚያውቅ ሽማግሌ በሕይወት ሳለ ከጀርባው አስጽፉበት። ከዚያ ስድስት ኪሎ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋናውን መስጠት ካልፈለጋችሁ ቅጂውን ስጡ። እግረ መንገዳችሁንም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚቀጥለው ንግግር መቼ እንደሆነ እዩና ግቡ። ዕድል ሲሰጥ እጃችሁን ቀድማችሁ አውጡ።